የጨረቃን ብልጭታ መቅረጽ፦ ጃፓናዊው ዳይቺ ፉጂኢ ከሚለቃቸው ቪዲዮዎች ጀርባ ያለው ሥራ

ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2023 (የካቲት 16 ቀን 2015 ዓ.ም.) ምሽት፣ በጃፓን ካናጋዋ ግዛት በሂራትሱካ ከተማ፣ የከተማዋ ሙዚየም ባለሙያ የሆነው ዳይቺ ፉጂኢ ጨረቃን እየቀረጸ ነበር። በጃፓን ሰዓት 20:14:30.8 ላይ በጨለማው የጨረቃ ገጽ አንዲት ነጥብ ቦግ አለች፤ ከአንድ ሰከንድ በላይ በርታ ከሰመች። ቪዲዮዋን ትዊተር ላይ ለቀቃት፤ ብዙም ሳይቆይ በየአገሩ ያሉ የሳይንስ ዜና አውታሮች ተቀባበሏት። ኦክቶበር 30 እና ኖቬምበር 1 ቀን 2025 ደግሞ ሁለት ሌሎች ብልጭታዎችን ይዞ ሲለቅ እንደገና መነጋገሪያ ሆነ።

ተመልካች የሚያየው ያቺን አንድ ሰከንድ ነው። ቪዲዮዋን «ጨረቃ ላይ ብርሃን ታየ» ከሚለው ተራ ወሬ የለያት ግን አብሯት የወጣው መረጃ ነው፦ ሰዓቱ እስከ አንድ አሥረኛ ሰከንድ፣ የተቀረጸችበት ከተማ፣ የቪዲዮው ፍጥነት ያልተነካ መሆኑ፣ ብልጭታዋን የፈጠረው ከጠፈር የመጣ ድንጋይ የወደቀውም አይድለር ኤል በተባለው የጨረቃ ጉድጓድ አጠገብ፣ ፒቲስከስ ከተባለው ሌላ ጉድጓድ ትንሽ ወደ ሰሜን ምዕራብ መሆኑ። እንዲህ ሊመረመር የሚችል ቀረጻ ለማግኘት የሚያስፈልገውን ከዚህ በታች እናያለን።

የሚቀረጸው ነገር ምንድን ነው?

ጨረቃ ከባቢ አየር የላትም። ወደ ምድር ቢመጣ አየር ላይ ተቃጥሎ ተወርዋሪ ኮከብ የሚሆነው ድንጋይ እዚያ በሙሉ ፍጥነቱ መሬት ይመታል። የኦክቶበር 30ው ድንጋይ ክብደቱ 0.2 ኪሎ ግራም ያህል፣ ፍጥነቱም በሰከንድ 27 ኪሎ ሜትር እንደሆነ ተገምቷል። ይህ ሲሰላ 73 ሚሊዮን ጁል ይመጣል፤ የ17 ኪሎ ግራም ቲኤንቲ ፍንዳታ ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ወደ ብርሃን የሚለወጠው አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ ቀሪው ድንጋይ በማቅለጥ፣ አፈር በመበተንና ጉድጓድ በመቆፈር ያልቃል። ስለዚህ አብዛኞቹ ብልጭታዎች ደካማ ናቸው፤ ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ ያነሰ ቆይተው ይጠፋሉ። የ2023ቷ ብርቅ ናት፤ እሷን የመሰለ ካልመጣ ብሎ መጠበቅ ተስፋ አስቆርጦ ሥራውን ያስጥላል።

አንድ ነገር ለዕቃ ምርጫ ይጠቅማል። በግሪክ ክሪዮኔሪ በ1.2 ሜትር ቴሌስኮፕ ሲሠራ የነበረው ኔሊዮታ የተባለው የአውሮፓ ጠፈር ኤጀንሲ ፕሮጀክት የብልጭታዎችን ሙቀት ሲለካ በመጀመሪያ ውጤቶቹ ከ1,600 እስከ 3,100 ኬልቪን አግኝቷል። በዚህ ሙቀት ላይ ያለ ነገር ብርሃኑን በብዛት የሚለቀው በቀይና በኢንፍራሬድ ነው። ኢንፍራሬድን የሚያግድ ማጣሪያ የተገጠመበት ካሜራ፣ ለምሳሌ ተራ የፎቶ ካሜራ፣ ከብልጭታው ትልቁን ድርሻ በር ላይ ይመልሰዋል።

መቼ ይቀረጻል?

ጨረቃ ከ10 እስከ 50 በመቶ በበራችባቸው ቀናት። ይህም አዲስ ጨረቃ ከሆነች ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን በምሽት፣ ስትጎድል ደግሞ ግማሽ ከሆነች ጀምሮ ልትጠፋ 3 ቀን ገደማ እስኪቀራት ጎህ ሳይቀድ ነው። ከ10 በመቶ በታች ፀሐይን ተከትላ ቶሎ ትጠልቃለች፤ ከ50 በመቶ በላይ ሲሆን የበራው ክፍል ብርሃን ቴሌስኮፑ ውስጥ ተበትኖ ጨለማውን ያነጣዋል። ፉጂኢ የ2025ቱን ሁለቱንም የያዘው ጨረቃ ከግማሽ ካለፈች በኋላ ነው፤ ስለዚህ 50 የማይታለፍ አጥር አይደለም። ለጀማሪ ግን ከዚያ በታች መቆየቱ ያዋጣል።

ከአድማስ 20 ዲግሪ በታች ስትወርድ ማቆም ነው። አየሩ ይንቀጠቀጣል፣ ብርሃኑም ይቀንሳል። በዚህ ሒሳብ የ3 ቀን ጨረቃ ለሥራ የምትተርፈው ከአንድ ሰዓት ለማይበልጥ ጊዜ ሲሆን የ7 ቀኗ አራት ሰዓት ገደማ ትሰጣለች። ለምድር ወገብ በቀረቡ እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች የጨረቃ መንገድ ከአድማስ ጋር ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ለጋ ጨረቃ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብላ ትታያለች፤ ይህ ጃፓኖች የሌላቸው ጥቅም ነው። ጉዳቱ ክረምቱ ነው፤ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ሰማዩ የደመና ነው። ደግነቱ ተመራጮቹ የተወርዋሪ ኮከብ ወቅቶች በበጋ ይውላሉ፤ ቶሪድ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ፣ ጀሚኒድ ታኅሣሥ 4 እና 5 አካባቢ። የፉጂኢ የ2025 ብልጭታዎችም ከቶሪድ የመጡ ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሏል።

የሰዓት ልዩነቱም ጥቅም አለው። የ2023ቷ ብልጭታ ስትታይ ኢትዮጵያ ውስጥ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ14 ነበር፤ ከዚህ ማንም ሊያያት አይችልም ነበር። በተራው ጃፓን ላይ ጨረቃ ከጠለቀች በኋላ ያሉትን ሰዓቶች መሸፈን የሚችለው ምሥራቅ አፍሪካና አረቢያ ላይ ያለ ታዛቢ ነው።

ቴሌስኮፕና ካሜራ

ለመጀመር የ200 ሚሊሜትር መስታወት ያለው ቴሌስኮፕ ይበቃል። በዚህ መጠን፣ በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ እስከ 9ኛ ደረጃ ድምቀት ድረስ መያዝ ይቻላል፤ በከዋክብት የድምቀት ደረጃ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይበልጣል። ካሜራው ጥቁርና ነጭ ይሁን፤ የቀለም ካሜራ በእያንዳንዱ ፒክሰል ላይ ማጣሪያ ስላለው ብርሃን ይበላል።

የቴሌስኮፑና የሴንሰሩ መጠን መጣጣም አለበት። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ፎካል ሌንግዙን (ከመስታወቱ ምስሉ እስከሚጠራበት ቦታ ያለውን ርቀት) ለ110 ሲያካፍሉት ጨረቃ ሴንሰሩ ላይ የምትይዘው ስፋት በሚሊሜትር ይመጣል። 1,000 ሚሊሜትር ከሆነ 9.1 ሚሊሜትር። አይኤምኤክስ174 የተባለው የሶኒ ሴንሰር 11.3 በ7.1 ሚሊሜትር ስለሆነ ለዚህ ልክ ነው፤ ረጅሙ ጎን ከብርሃንና ጨለማው ድንበር ጋር ትይዩ ሆኖ ሲዞር ጨለማው ግማሽ በሙሉ ይገባል፣ የበራውም ክፍል ውጭ ይቀራል። ረከስ የሚለው አይኤምኤክስ290 ግን 5.6 በ3.2 ብቻ ነው። በ1,000 ሚሊሜትር ላይ ከጨለማው ጥቂቱን ብቻ ያያልና 0.5 የሚቀንስ ሌንስ ተጨምሮ ወደ 500 መውረድ አለበት። ከጨረቃ ጠርዝ ውጭ ትንሽ የሰማይ ክፍል ይተዉ። እዚያ የሚታይ ብልጭታ ከጨረቃ ሊሆን ስለማይችል ቀረጻዎ ምን ያህል የውሸት ብልጭታ እንደሚያመርት ይነግርዎታል።

ቴሌስኮፑን የሚያዞረው ተሸካሚ በጨረቃ ፍጥነት እንዲከተል ይዘዙት። በከዋክብት ፍጥነት ከተተወ ጨረቃ በሰዓት የራሷን ስፋት ያህል ትንሸራተታለች፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ የበራው ክፍል መስኮቱ ውስጥ ገብቶ ሁሉን ያበላሻል። አዲስ አበባ ላይ ሌላ ጣጣ አለ፤ ኬክሮሱ 9 ዲግሪ ነው፣ አንዳንድ ኢኳቶሪያል (ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ ሆነው የሚዞሩ) ተሸካሚዎች ደግሞ ከ10 ወይም 15 ዲግሪ በታች ዝቅ አይሉም። የትሪፖዱን የሰሜን እግር ማሳጠር ይፈታዋል። የሰሜን ኮከብም 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ተራራ ወይም ጭጋግ ይሸፍናታል፤ አቅጣጫውን የኮከብ መንሸራተት እያዩ ማረም ግድ ይላል።

የካሜራው ልክ

ኤክስፖዠሩ (ለአንድ ፍሬም ብርሃን የሚሰበሰብበት ጊዜ) 33 ሚሊሰከንድ፣ በሰከንድ 30 ፍሬም። ምስሉ ጠቆረ ብሎ ወደ 100 ማሳደግ ያጓጓል፤ አያድርጉት። 30 ሚሊሰከንድ የሚቆይ ብልጭታ በ100 ሚሊሰከንድ ፍሬም ውስጥ ያው አንድ ብልጭታ ነው፣ የጀርባው ብርሃን ግን ሦስት እጥፍ ሆኖ ይውጠዋል። ጨለማውን ለማየት ጌይኑን (ካሜራው ምልክቱን የሚያጎላበትን መጠን) ይጨምሩ። ልኩ የደረሰው ከምድር ተንጸባርቆ ጨረቃ ላይ ባረፈው ደብዛዛ ብርሃን ግሪማልዲና አሪስታርከስ የተባሉት የጨረቃ ጉድጓዶች፣ የመጀመሪያው እንደ ጥቁር ክብ ሁለተኛው እንደ ነጭ ነጥብ፣ ምሽት ላይ ስክሪኑ ላይ ሲለዩ ነው። እነዚህ ካልታዩ በኋላ ቦታ ማመልከት አይቻልም።

ትኩረቱን በአቅራቢያ ባለ ኮከብ ላይ ያስተካክሉ። ኮከቡ ከ2 እስከ 4 ፒክሰል ላይ መዘርጋት አለበት፤ አንድ ፒክሰል ላይ ብቻ ካረፈ ኋላ የምናነሳው ማጣራት አይሠራም። የፒክሰል ስፋት በማይክሮን በ206 ተባዝቶ ለፎካል ሌንግዝ በሚሊሜትር ሲካፈል አንድ ፒክሰል የሚሸፍነው አርክሰከንድ (የአንድ ዲግሪ 1/3,600) ይመጣል። አይኤምኤክስ174 (5.86 ማይክሮን) በ1,000 ሚሊሜትር 1.2 ይሰጣል፤ ደህና ነው። ቢኒንግ ቢደረግ (አራት ፒክሰል እንደ አንድ ቢነበብ) 2.4 ይሆናል፤ ፋይሉ ወደ አንድ አራተኛ ይቀንሳል፣ ኮከቡ ግን በጣም ጥቂት ፒክሰል ላይ መጠቅለል ይጀምራል።

ፋይሉ ቀላል አይደለም። 1936 በ1216 ፒክሰል፣ 8 ቢት፣ 30 ፍሬም ማለት በሰከንድ 70 ሜጋባይት፣ በሰዓት ከ250 ጊጋባይት በላይ ነው። ኤስኤስዲ እና ዩኤስቢ 3 የግድ ናቸው፤ ዲስኩ ካልደረሰበት ፍሬም ይዘለላል፣ የተዘለለው ውስጥ ብልጭታ ቢኖር አይታወቅም። ሻርፕካፕ ወይም ፋየርካፕቸር በተባሉት የቀረጻ ፕሮግራሞች ላይ የተዘለሉ ፍሬሞችን ቆጣሪ እያዩ ይሥሩ። ቅጂው ኤስኢአር (SER) የተባለው ያልታመቀ የቪዲዮ ፎርማት ይሁን። ቪዲዮ የሚያሳንሱ ፎርማቶች ለአንድ ፍሬም ብቻ የታየችን ነጥብ እንደ ቆሻሻ ቆጥረው ያጠፏታል። መብራት ሊሄድ ይችላልና ቴሌስኮፑን በባትሪ ያሠሩ፣ ቀረጻውንም በ10 በ10 ደቂቃ ፋይል ይከፋፍሉ።

ሰዓት

ያልታወቀ ሰዓት ያለው ብልጭታ ለማንም አይጠቅምም፤ ከሌላ ታዛቢ ጋር ማነጻጸር የሚቻለው በሰዓቱ ብቻ ነው። የላፕቶፕ ሰዓት ብቻውን በቀን ውስጥ ሰከንዶች ይዛባል። ቢያንስ ቀረጻው ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ በኢንተርኔት ኤንቲፒ ያስተካክሉት፤ የተሻለው ጂፒኤስ መቀበያ ማያያዝ ነው። ግቡ ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ ያነሰ ስህተት ነው። ብርሃኑ ከጨረቃ እስኪደርስ 1.3 ሰከንድ ይፈጃል፤ ሪፖርት የሚደረገው ግን ምድር ላይ የታየበት ሰዓት ስለሆነ አይቀነስ።

ሰዓቱ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) እና በፈረንጅ ቀን ይጻፍ። በእኛ አቆጣጠር ከማታው ሰዓት ላይ 15 መደመር ነው፤ ከምሽቱ 1:30 በዩቲሲ 16:30 ይሆናል። ከሌሊቱ 10:30 ሲደመር 25:30 ይመጣል፤ 24 ሲቀነስ 1:30 ነው፤ እዚህ ላይ ቀኑም የነገው መሆኑን ብዙ ሰው ይስታል።

ብልጭታውን መፈለግ

አንድ ሰዓት 108,000 ፍሬም ነው፤ በዓይን አይታይም። ሉናርስካን የተባለው ፕሮግራም ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ፕሮግራሚንግ የሚችል ደግሞ ራሱ ይጽፈዋል። ዘዴው ከእያንዳንዱ ፍሬም ላይ የቀደሙትን ፍሬሞች አማካይ መቀነስና ጎልቶ የወጣውን ማስመዝገብ ነው። መስፈርቱን «አንድ ፒክሰል ከ5 ሲግማ በላይ» (ከተለመደው መዋዠቅ 5 እጥፍ በላይ) ብለው ቢተዉት ከ2 ሚሊዮን በላይ ፒክሰል ባለው ምስል ላይ በየሁለተኛው ፍሬም ገደማ የውሸት ነጥብ ይወጣል፤ በሰዓት ብዙ ሺህ። ቢያንስ 2 ወይም 3 ተጎራባች ፒክሰሎች አብረው እንዲነሱ ያስገድዱ።

እውነተኛ ነው ወይ?

አብዛኛው ድካም እዚህ ነው፤ ብዙ የኢንተርኔት «የጨረቃ ብልጭታ» የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ሦስት አታላዮች አሉ።

የመጀመሪያው ኮስሚክ ሬይ ነው። ሴንሰሩን በቀጥታ የሚመታ ቅንጣት ሲሆን አንድ ፍሬም ላይ ብቻ፣ ጠርዙ የተሳለ ነጥብ ወይም አጭር ጭረት ይሆናል። በመስታወቱ በኩል የመጣ ብርሃን እንደ ኮከብ ደብዘዝ ብሎ ይዘረጋል፤ ለዚህ ነው ኮከቡ በ2 እስከ 4 ፒክሰል ላይ ይረፍ ያልነው። ሁለተኛ ቴሌስኮፕ አጠገቡ ካለ ጉዳዩ ወዲያው ያልቃል፤ አንድ ቅንጣት ሁለት ካሜራ አይመታም።

ሁለተኛው ዝቅ ብሎ የሚበር ሳተላይት። 400 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው በሰከንድ እስከ 1 ዲግሪ ስለሚሄድ በ33 ሚሊሰከንድ ውስጥ መስመር ያሰምራል። በቀላሉ ይለያል።

ሦስተኛው አስቸጋሪው ነው። 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያሉ ሳተላይቶች፣ በተለይ ሞተው የሚገለባበጡት፣ ፀሐይን እንደ መስታወት እየመለሱ ቦግ ይላሉ። ከከዋክብት አንጻር የሚንቀሳቀሱት በሰከንድ 15 አርክሰከንድ ብቻ ነው። አንድ ሰከንድ ከበሩ 10 ፒክሰል ያህል ይንሸራተታሉና ይታወቃሉ፤ ሦስት ፍሬም ብቻ ከበሩ ግን የተጓዙት አንድ ፒክሰል ነው፤ ከአንድ ቦታ ሆኖ መለየት አይቻልም። የብርሃኑ ቅርጽ ይረዳል፤ የግጭት ብልጭታ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ፍሬም ላይ ይደምቅና ቀስ እያለ ይከስማል፣ የሳተላይቱ ደግሞ እንደወጣ ይወርዳል። ስቴላሪየም በተባለው የሰማይ ካርታ ፕሮግራም ላይ የሳተላይቶችን መረጃ አድሶ በዚያች ሰከንድ ጨረቃ ፊት ያለፈ እንዳለ ማየትም ይቻላል፤ ሆኖም ሁሉም ስብርባሪ አልተመዘገበም።

ቁርጡን የሚነግረው ርቀት ነው። ሁለት ታዛቢዎች በ50 ኪሎ ሜትር ሲራራቁ በ36,000 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሳተላይት በሁለቱ ምስሎች ላይ በ5 አርክደቂቃ ገደማ ይለያያል፤ የጨረቃን ስፋት አንድ ስድስተኛ ያህል። ጨረቃ ላይ ያለ ብልጭታ ግን በሁለቱም ምስሎች አንድ ጉድጓድ አጠገብ ይቀመጣል። አንዱ አዲስ አበባ ሌላው አዳማ ቢሆን ርቀቱ ከበቂ በላይ ነው። ፉጂኢ ለተወርዋሪ ኮከቦች ሂራትሱካና ፉጂ ከተማ ላይ ካሜራዎች የዘረጋው በዚሁ ዓይነት ስሌት ነው፤ ከሁለት ቦታ የታየ ነገር መንገዱ ይሰላል።

ቦታና ድምቀት

ከብልጭታው በፊትና በኋላ ያሉትን 300 ያህል ፍሬሞች አማካይ ወስዶ አንድ ንጹህ ምስል መሥራት ነው፤ ግሪማልዲ፣ አሪስታርከስ፣ ኬፕለር በግልጽ ይወጣሉ። እነዚህን ቨርቹዋል ሙን አትላስ ላይ ካለው ካርታ ጋር አገጣጥሞ የነጥቧን ኬክሮስና ኬንትሮስ ማንበብ ነው። አንድ አርክሰከንድ ጨረቃ ላይ 1.9 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ከጥቂት ኪሎ ሜትር የተሻለ እርግጠኝነት አለኝ ማለት አያስኬድም። ጎዶሎ ጨረቃን ጎህ ሳይቀድ የሚቀርጹ ከሆነ ጨለማው ሌላኛው ጎን ስለሆነ ምልክትዎ ማሬ ክሪሲየም የተባለው ጥቁር ሜዳ ይሆናል።

ድምቀቱ የሚለካው ደረጃው ከሚታወቅ ኮከብ ጋር ነው፤ በዚያው ምሽት፣ በተመሳሳይ ጌይንና ኤክስፖዠር፣ በተቀራራቢ ከፍታ የተቀረጸ። ብልጭታዋ ከ8ኛ ደረጃ ኮከብ 2.5 እጥፍ ከበራች 7ኛ ደረጃ ናት። ፒክሰሉ ጣሪያ ከነካ ግን ቁጥሩ ዋጋ የለውም፤ «ቢያንስ ይህን ያህል» ብሎ ማለፍ ነው። ለማነጻጸሪያ፣ ማርች 17 ቀን 2013 በማሬ ኢምብሪየም የወደቀውና የናሳ ቡድን የመዘገበው 40 ኪሎ ግራም ገደማ ድንጋይ 4ኛ ደረጃ ደርሶ ነበር፤ ኤልአርኦ የተባለችው የናሳ መንኮራኩር በኋላ 18 ሜትር ስፋት ያለው አዲስ ጉድጓዱን ፎቶ አንስታለች። የፉጂኢ የ2023ቱ ጉድጓድ 12 ሜትር አካባቢ፣ የኦክቶበር 30ው ደግሞ 3 ሜትር ያህል እንደሚሆኑ ተገምቷል።

መልቀቅ

ማኅበራዊ ገጾች ቪዲዮን እንደገና ያሳንሳሉ፤ ሁለት ፍሬም የቆየች ነጥብ እዚያ ላይ ልትጠፋ ትችላለች። ሙሉውን ምስል ከመስቀል ይልቅ በብልጭታዋ ዙሪያ 500 ፒክሰል ያህል ቆርጠው ሁለት እጥፍ ያሳድጉት። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፤ አንዴ በትክክለኛ ፍጥነት ከነሰዓቱ ማህተም፣ ቀጥሎ በአንድ አሥረኛ ፍጥነት፣ መጨረሻ ላይ ቦታው በቀስት የተመለከተበት የቆመ ምስል። ፍጥነቱ የተለወጠበት ክፍል ላይ መለወጡ ይጻፍ። ሙዚቃና የብርሃን ማጋነኛ አያስፈልጉም፤ ባለሙያ የሚያይ ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው እነዚህን ነው።

ከሥር ያለው ጽሑፍ የሚይዘው፦ ቀንና ሰዓት በዩቲሲ፣ ከተማ፣ የመስታወት ስፋትና ፎካል ሌንግዝ፣ ካሜራና ፍሬም፣ በአቅራቢያው ያለው ጉድጓድ ስም፣ ሰሜን ወዴት እንደሆነና ምስሉ መገልበጡ አለመገልበጡ። ሌላ ታዛቢ ካላረጋገጠው «ሊሆን የሚችል» ይባል። የቤት አድራሻ ወይም የጂፒኤስ ቁጥር እስከ መጨረሻው አሃዝ አይለጠፍ፤ ለሕዝብ የከተማ ስም ይበቃል፣ ዝርዝሩ የሚላከው ለሚመረምሩት ነው። አልፖ የተባለው የአሜሪካ የጨረቃና የፕላኔት ታዛቢዎች ማኅበርና የብሪታኒያው አስትሮኖሚ ማኅበር የጨረቃ ክፍል እንዲህ ያለውን ሪፖርት ይቀበላሉ።

በቴሌግራም ለሌላ ታዛቢ ሲልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፤ አለበለዚያ ይታመቃል። ከዋናው ኤስኢአር ላይ ብልጭታዋ ካለችበት 10 ሰከንድ በፊትና 10 ሰከንድ በኋላ ያለውን ቆርጠው ሳይነኩ ያስቀምጡ፤ 1.4 ጊጋባይት ገደማ ነው። የቀረውን 250 ጊጋባይት ፍለጋው ሁለቴ ካለፈበት በኋላ መሰረዝ ይቻላል።